የእኛን ታሪክ በእኛ ክፍል እናንብብ

የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሥራ የጀመርኩት ደባርቅ ነው፣ አሁን ዳባት አስተምራለሁ። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በጨነቅና በቧሂት አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የአንድ አካባቢ ሕዝብ ስንት ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አይጠፋውም። ከገብስ በቀር በማይበቅልበት ውርጭ ያደገው፣ ቆላ ወርዶ ማሽላ ሲጠብቅ የከረመውና የከተማ ነጋዴው ልጅ መጨረሻ ላይ የሚገናኙት ክፍል ውስጥ ነው።

ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል ወላጆቻቸው ከግጭ የተነሡ ነበሩ። ግጭ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረች መንደር ስትሆን፣ ነዋሪዎቿ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ መጥተው ሰፍረዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ ቤተሰብ ያጡ ልጆችም አስተምሬአለሁ። እዚሁ ዳባት ወረዳ አለምዋጭ በሚባለው የስደተኞች መጠለያ ኤርትራውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ከእኛ ልጆች ጋር በመንገድና በገበያ ይተያያሉ። ዓይኑ የማያይ ተማሪ አለኝ፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው የሰሌዳውን ጽሑፍ እያነበበ ያጽፈዋል። ሽማግሌ ተልኮባት ትምህርቷን ታቋርጥ ይሆን ብዬ የምሰጋላት ልጅ አለች። አባቱ ብረት ቀጥቅጦ፣ እናቱ ሸክላ ሠርታ የሚያሳድጉት ልጅም አለ፤ በእረፍት ሰዓት ከእሱ ጋር ቆሎ የሚካፈሉት ጥቂቶች ናቸው።

እነዚህን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት ርዕሰ መምህሩም መዝገብ ቤቱም ይችሉበታል። እርስ በርስ እንዲተዋወቁና እንዲተማመኑ ማድረግ ግን የመምህሩ ሥራ ነው። እኔ ለዚህ ሥራ ካገኘኋቸው መሣሪያዎች የሚበልጠው የወጣቶች ልቦለድ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ሌሎች መምህራንና ወላጆች እንዲሞክሩት ነው።

ወንበር ካገኙ በኋላ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ትምህርት ሚኒስቴርም የአካቶ ትምህርት ስልት አለው። በእኛ ትምህርት ቤቶች አካቶ ሲባል ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚታሰበው መወጣጫ፣ ብሬልና የልዩ ፍላጎት መምህር ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ብዙ ቦታም ገና አልተሟሉም። ሆኖም ልጁ ወንበር ካገኘ በኋላ የሚያነበው ታሪክ ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው ከሌለ፣ ወይም ካለ ለማኝ፣ እርጉምና ማስፈራሪያ ሆኖ ብቻ ከተገኘ፣ ክፍሉ የእሱ እንዳልሆነ ቶሎ ይገባዋል።

አሜሪካዊቷ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ጽሑፍ መጽሐፍን በመስታወትና በመስኮት መስላዋለች። ልጅ ራሱን የሚያይበት መጽሐፍ መስታወት ነው፤ የሌላውን ሕይወት የሚያይበት ደግሞ መስኮት። ጥሩ ክፍል ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም ይሰጣል። ራሱን ብቻ የሚያይ ልጅ ዓለም በእሱ የምታበቃ ይመስለዋል። ሌላውን ብቻ የሚያይ ደግሞ የራሱ ሕይወት ሊጻፍ የማይገባው አድርጎ ይቆጥረዋል። የስሜን ግርጌ ልጆች ችግር ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዕድሜውም የራሱ ጠባይ አለው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ተረት አልፎታል፣ የአዋቂ ልቦለድ ደግሞ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም። «እኔ ማን ነኝ? ከማን ጋር ነኝ?» እያለ የሚጠይቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሰፈርና ከጎረምሳ ቡድን ጥላቻን የሚማረውም በዚሁ ጊዜ ነው። የእሱ እኩያ የሆነ ባለታሪክ ሲመርጥ፣ ሲሳሳትና ሲክስ የሚያሳይ ረጅም ታሪክ ከዚህ ዕድሜ ጋር የሚሄድ ምግብ ነው።

ከጎንደር እስከ ሱዳን ድንበር፦ ፀሐይና ራሔል

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ በጣም ያስገረመኝ አንድ ነገር አለ። ስለ እኛው አካባቢ ልጆች የተጻፉ የወጣቶች ልቦለዶች አሉ። የተጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ያነበቧቸውም በዋናነት የአሜሪካና የእንግሊዝ ልጆች ናቸው። እኔ ያገኘኋቸው ውጭ አገር የምትኖር እኅቴ ስለላከችልኝ ነው።

የመጀመሪያው የጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ነው፤ በአማርኛ «የተራኪዋ ዶቃዎች» ልንለው እንችላለን። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ጄን ከርትዝ በልጅነቷ ከሚሲዮናውያን ወላጆቿ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ማጂ ያደገች ጸሐፊ ናት። መጽሐፉ በደርግ ዘመን በነበረው ድርቅና ጦርነት ወቅት ከጎንደር አካባቢ ወደ ሱዳን ስለሚሰደዱ ሁለት ልጃገረዶች ይተርካል። ፀሐይ ቅማንት ናት። ራሔል ቤተ እስራኤል ናት፤ ዓይኖቿም አያዩም። ፀሐይ ስለ ራሔል ወገኖች ያላት እውቀት ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ነው፦ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ አትንኪያቸው። መንገዱ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርጋቸዋል፤ ራሔልን የሚመራት ወንድሟ ሲለያት እጇን የምትይዘው ይህችው የምትፈራት ፀሐይ ናት።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የቤተ እስራኤል ነገሥታት ስሜን ላይ ነበሩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ያደረጉት ዘመቻ ኃይላቸውን ሰበረው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ከመሬት የተነቀለው ሕዝብ በሸማ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ኖረ፤ የሠራውን ማረሻና ድስት የሚገዛው ገበሬ ግን ማዕዱን አያጋራውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በተደረገው «ዘመቻ ሙሴ» 8 ሺህ ገደማ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁትም በሺዎች ይቆጠራሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ «ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወሰደ። ሰዎቹ ከአካባቢያችን ሄዱ፤ የቡዳው ወሬ ግን ቀርቶ እስከ ዛሬ በአንጥረኛና በሸክላ ሠሪ ልጆች ላይ ይሠራል።

መጽሐፉን በክፍሌ በአማርኛ እየተረክሁ ሳቀርብ «በመካከላችሁ ማን ማንን ይንቃል?» ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ስለ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ፍርሃቷ ከየት መጣ? አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እሷ እኮ ተነግሯት ነው እንጂ አይታ አይደለም» አለ። ውይይቱን የከፈተው ይህ ነበር። እናቷ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ተማሪዬ ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር፣ በሚቀጥለው ሳምንት የራሔልን ንግግር ድምፅ እያወጣሁ ልናገር ብላ ጠየቀች። ፈቀድኩላት። ከዚያ በኋላ በቡድን ሥራ ከእሷ ጋር ለመሆን የሚፈልጉ በዙ። አንድ ልቦለድ የዘመናት ንቀትን ያጠፋል አልልም። በቀጥታ ሊነገር የማይቻለውን ነገር በሌላ ሰው ስም መነጋገር እንዲቻል እንደሚያደርግ ግን ዓይኔ አይቷል።

አንድ ልጅ፣ ሁለት አገር

ሁለተኛው መጽሐፍ የቤንጃሚን ዘፈናያ «ሪፊዩጂ ቦይ» ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሲሆን እዚያ በትምህርት ቤቶች በሰፊው ይነበባል። ባለታሪኩ ዓለም ቄሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው የሁለቱ አገሮች ጦርነት ቤተሰቡ በየትኛውም ወገን እንደ ጠላት ስለታየ፣ አባቱ ልጁን እንግሊዝ ወስዶ ለደኅንነቱ ሲል እዚያው ትቶት ይመለሳል።

መጽሐፉ የሚጀምረው በሁለት አጫጭር ትዕይንቶች ነው። በአንደኛው ወታደሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ሰብረው ገብተው ቤተሰቡን ያስፈራራሉ፤ በሁለተኛው ያው ነገር በኤርትራ ይደገማል። የሚለየው የአገሩ ስም ነው ለማለት ይቻላል። ይህን ክፍል ሁለት ተማሪዎች ተራ በተራ እንዲያነቡት አደረግሁ። ሁለተኛው ማንበብ ሲጀምር ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ተሳስቶ ነው? ያንኑ እኮ ነው የሚያነበው» አለ። መልስ አልሰጠሁም፤ እስኪጨርስ ጠበቅን። ጦርነት ምን እንደሆነ በአካባቢያቸው ያዩ ልጆች በመሆናቸው ነገሩን ለመረዳት የእኔ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። የአለምዋጭ ልጆች ከየት እንደመጡ፣ ለምን እንደመጡ የጠየቁኝ ከዚህ በኋላ ነው።

የጸሐፊውን ሕይወትም እነግራቸዋለሁ። ዘፈናያ በበርሚንግሃም የተወለደ፣ ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የሄዱ ሰው ነበር። ፊደል መለየት የሚያስቸግር የንባብ ችግር ነበረበት፤ በ13 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቅጡ ማንበብ አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ሲያርፍ ግን ከእንግሊዝ ታዋቂ ባለቅኔዎች አንዱ ነበር። በክፍል ውስጥ ቀስ ብለው የሚያነቡ ልጆች ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ለምን ሲሳይ ነው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ስትሆን እሱ በእንግሊዝ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ፣ ኖርማን በሚል ስም ያደገ ባለቅኔ ነው።

የደረስጌው የልጅ ልጅ

ሦስተኛው ለጃናሞራ ልጆች የቅርብ ነው። ደረስጌ ማርያም ከመካነ ብርሃን ሩቅ አይደለችም። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል ያደረጉት ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡትም እዚያው ነው። ቴዎድሮስ ኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ከእርሷም ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 የ7 ዓመቱን ልጅ እንግሊዞች ወሰዱት፤ እናቱም በመንገድ ሞተች። በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ በኅዳር 1879 (እ.ኤ.አ.) በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

ኤሊዛቤት ሌርድ የዚህን ልጅ ሕይወት «ዘ ፕሪንስ ሁ ዎክድ ዊዝ ላየንስ» በሚል ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፋዋለች። ሌርድ በኢትዮጵያ ያስተማረች፣ ኋላም በየክልሉ ዞራ ተረት የሰበሰበች ጸሐፊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመችው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ደግሞ በአዲስ አበባ ጎዳና ስለሚገናኙ ማሞ የሚባል የድሃ ልጅና ዳኒ የሚባል የሀብታም ልጅ ነው። የማሞን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ ተታሎ ገጠር ተወስዶ ከብት ጠባቂ መሆኑ አላስደነቃቸውም፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ያውቁታልና። ያስደነቃቸው የእረኛ ልጅ የመጽሐፍ ባለታሪክ መሆኑ ነው።

ዓለማየሁን ያነሣሁት በሌላ ምክንያትም ነው። በዳባትና በደባርቅ ያለ ተማሪ ስደተኛን ሁልጊዜ ሌላ ሰው አድርጎ ያስባል። ቋንቋውን በማያውቀው ክፍል ብቻውን የተቀመጠው፣ ፊቱ ከሁሉ የተለየው ልጅ ግን የደረስጌው ጌታ የውቤ የልጅ ልጅ ነበር። ከእኛ ወገን የሆነ ልጅ እንግዳ ሆኖ ሲቸገር ያነበበ ተማሪ፣ አጠገቡ ያለውን እንግዳ የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

በአንድ ቅጂ፣ በ60 ተማሪ

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ መጽሐፉስ የት አለ?» የሚል መምህር ትክክል ነው። እኔም ያለኝ አንድ አንድ ቅጂ ነው። ስለዚህ ሥራዬን በጆሮ ነው የምሠራው። በሳምንት አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ወስጄ ታሪኩን በአማርኛ እተርካለሁ፤ ልጆቹ በጉጉት የሚቆዩበት ቦታ ላይ አቋርጣለሁ። ማየት የተሳነው ተማሪዬ በዚህ ሰዓት ከማንም እኩል ነው፤ እንዲያውም ባለፈው የት እንዳቆምን ለክፍሉ የሚያስታውሰው እሱ ነው።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለን፦ ስለ ባለታሪኩ እንነጋገራለን እንጂ በክፍላችን ልጅ ላይ ጣት አንቀስርም። በአፍ ለመጠየቅ የሚያፍር ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን በወረቀት ከካርቶን በሠራነው ሣጥን ውስጥ ይከታል። ታሪኩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ ከባለታሪኮቹ ለአንዱ ደብዳቤ ይጽፋል። የተመረጡት በሚኒ ሚዲያ ይነበባሉ።

ወላጆችን አስቀድሞ ማነጋገርም ግድ ነው። በአንድ የወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ አባት «መምህርት፣ ልጆቻችንን ሃይማኖት ልታስለውጡ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የተገባ ነበር። መጥተው ከኋላ ተቀምጠው እንዲሰሙ ጋበዝኳቸው፤ መጡም። የዓለማየሁን እናት ሞት በምተርክበት ቀን ስለነበር፣ ስለ ደረስጌ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ለልጆቹ ጨመሩላቸው።

የውጭ ጸሐፊ የጻፈልን ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ እ.ኤ.አ. በ2009 ባደረገችው ንግግር ስለ አንድ ሕዝብ አንድ ዓይነት ታሪክ ብቻ መስማት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስገንዝባለች። ኢትዮጵያ በረሃብና በስደት ብቻ የምትታይባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው ተማሪዎቼን «ጸሐፊዋ ምን ሳታይ ቀረች? አንተ ብትጽፈው ምን ትጨምራለህ?» ብዬ የምጠይቃቸው። ከሁሉ የበለጠ ጽሑፍ የማገኘው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የጎደለው መደርደሪያ

ከራሳችን ምንም የለንም ማለት አይቻልም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የድሃ ልጅ በዛብህንና የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌልን የሚለያየውን ግድግዳ ያሳየ መጽሐፍ ነው። ነገሌ ቦረና የተወለዱት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ያገኙት በ19 ዓመታቸው ነበር፤ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሠርተው ተመለሱና እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ውስጥ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ፤ ቀጥሎም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ለልጆች እንዲደርስ አደረጉ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያዘጋጀችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ «ጥበብ ገርልስ» በተባለው የሥዕል ታሪክ ያለዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን የሚታገሉ ልጃገረዶችን ፈጥረዋል። ሳይንት ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ያጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ፣ ዓይነ ስውርነቷ ካለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ተናግራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። የእሷ ሕይወት ለወጣቶች ልቦለድ ቢሆን ስንት ልጅ ያነበው ነበር!

እስካሁን በብዛት የጎደለው ከተረት መጽሐፍና ከአዋቂ ልቦለድ መካከል ያለው መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው መሞላት ያለበትም አሁን ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ነገ ሲመለሱ የሚገቡበት ክፍል ቂምና ጥርጣሬ የሞላበት እንዳይሆን ከአሁኑ መዘጋጀት አለብን።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችን፦ ለ15 ዓመት ልጅ ጻፉ፤ የአንጥረኛውን ልጅ፣ የግጭን ልጅ፣ ተፈናቃዩን ልጅ ባለታሪክ አድርጉ። ለአሳታሚዎችና ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን፦ ከላይ የጠቀስኳቸውን መጻሕፍት ከባለመብቶቹ ፈቃድ አግኝታችሁ ወደ አማርኛ መልሱልን። በውጭ ለምትኖሩ የስሜን ልጆች፦ ወደ አገር ቤት ስትመጡ በሻንጣችሁ ውስጥ አንድ የወጣቶች ልቦለድ ያዙ፤ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ስጡት። ለመምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ የምለው አጭር ነው፤ በዚህ ሳምንት ከአንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ሩብ ሰዓት ውሰዱና አንድ ታሪክ ጀምሩ።